የባሕሩ ጓዳ

ከ«ሃቭሌይት» መርከብ ላይ
ጁን 4 ቀን 1988

እህቴ ዳግኒ፣

አስቀድሜ ጤናሽን፣ ቀጥዬም የጀልባሽን የ«ቶራ»ን ጤና፣ የሞተሯን ሳል ጭምር እጠይቃለሁ። የኔን ጉልበት ግን አትጠይቂኝ። ደረጃ በወጣሁ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።

ትናንት በሬዲዮ ለጠየቅሽኝ ነገር ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎሽ ይሆናል፤ የተቆረጠው የኔ አፍ ነው። የባሕር ሬዲዮ ማለት የገበያ መሐል ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከአንዴነስ እስከ ቦዶ ያለው ሰው ሁሉ፣ ድንች የሚልጡት ሴቶች ሳይቀሩ፣ ጆሮውን ደቅኖ ነው የሚውለው። ጎረቤትሽ አርንፊንማ የሩቅ ማያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ፣ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር ካላደረገ ምሳው አይወርድለትም። ስለዚህ በሬዲዮ ለምትጠይቂኝ በሬዲዮ እንደ ሩቅ ሰው እመልስልሻለሁ፤ እውነተኛውን መልስ ግን በየአሥር ቀኑ ስንቅ በምታመጣልን ጀልባ እልክልሻለሁ።

ቀኑን ሙሉ የምሠራውን ልንገርሽ፦ እቀመጣለሁ። መርከቧ ሦስት ኪሎ ሜትር ገመድ ትጎትታለች፤ በገመዱ ውስጥ የተደረደሩ ጆሮዎች አሉ። ከኋላዋ በየአሥር ሰከንዱ የታመቀ አየር ውሃው ውስጥ ይፈነዳል። ድምፁ ወርዶ ወለሉን፣ ከወለሉም በታች ያለውን ድንጋይ አንኳኩቶ ይመለሳል፤ ጆሮዎቹ ይሰሙታል። ከበርገን ከተማ የመጡት የጥናት ልጆች ደግሞ የተሰማውን በወረቀት አትመው ዘይት የት እንደተኛ ይገምታሉ። መርከቧ ቆማ አታውቅም፤ ከቆመች ገመዱ ይሰጥማል። በእግር የመሄድ ያህል እየተራመደች ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፣ ለመዞር ሦስት ሰዓት ፈጅታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ። ሳምንት ሲሞላሽ የት እንዳለሽም፣ ዛሬ ማን እንደሆነም ትረሻለሽ። ፀሐይዋም በዚህ በሰሜን በጋ ሌሊትም አልጠልቅም ስላለች እንቅልፍና ንቃት ተደባልቀውብኛል። ባለፈው፣ በሕልሜ ይሁን በእውኔ እንጃ፣ ነፍሱን ይማረውና አባባን ባሕሩ ወለል ላይ በባዶ ራሱ፣ በእሑድ ጫማው ሲሄድ አየሁት። ድንጋዩን በበትሩ እያንኳኳ ያዳምጣል። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይለኝ መንገዱን ቀጠለ።

ሥራዬ የሚባለው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ መርከብ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ የነበረ ሰው መሳፈር አለበት፤ «የዓሣ አዋቂው» ይሉኛል። በየጠዋቱ የምናልፍባቸውን መስመሮች በሬዲዮ አነብባለሁ፤ መረብ የዘረጋውንም በስሙ እየጠራሁ «እባክህ አንሣልን» እላለሁ። እነሱም እየሰደቡኝ ያነሣሉ። አንቺ አልሰደብሽኝም። «ምግቡ ጥሩ ነው አሉ» ብቻ ነው ያልሽው፤ እሱ ይብሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ትናንት ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ካርታውን አየሁት። መስመር ሠላሳ አንድና ሠላሳ ሁለት በጓዳው ላይ ያልፋሉ። አዎ፣ አባባ በዚያ የጉም ቀን ለሁለታችን ብቻ ባሳየን፣ «ለሚስት አይነገርም፣ ለቄስ አይነገርም፣ አይጻፍም» ባለን በኛ ጓዳ ላይ፤ አጥማጅ ሁሉ የሚደብቀው የማጥመጃ ጓዳ አለው፣ ይህ ግን የኛ ነው። የትኛው ተራራ በየትኛው ደሴት ትከሻ ላይ ሲቀመጥ እንደሚገኝ እዚህም አልጽፍም። ጀልባዬን ከሸጥኩ ወዲህ ያ ቦታ የሚያኖረው አንቺን ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች እላዩ ላይ እንዲተኩሱበት አልፈቅድም። አንድ ነገር አደርጋለሁ።

ወንድምሽ ሂልማር


ሆቭስቫግ
ጁን 14

ወንድም ጋሼ፣

እንኳን ደህና ሆንክልኝ። ደብዳቤህን የስንቅ ጀልባው ካፒቴን እስከ ወጥ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ፤ ለድካሙም አራት ዋፍል ከነማርማላታው ጠራርጎ ሄደ።

በሬዲዮ «የያዝኩት ሦስት ኮድ ዓሣ ብቻ ነው» ያልኩህን አርንፊን ይመነው እንጂ አንተ አትመነው። ማክሰኞ ዕለት ከጓዳው ሁለት ጠፍጣፋ ዓሣ ወጣ፤ ትንሹ የወጥ ቤቴን በር ያህላል። ሸራ አልብሼ ከላይ ኮድ በተንኩበት፤ የመንደሩ ዓሣ መረከቢያ ላይ የነበሩት ሰዎች እስኪበታተኑም ጀልባዬን ሳጥብ ቆየሁ። መንገዱን እንደ አባባ ነው የምሄደው። መጀመሪያ ወደ ደቡብ እወርዳለሁ፣ ሞተሬ የታመመች መስዬ እቆማለሁ፣ ከዚያ ጉም ሲወርድ ሹልክ እላለሁ። ሰው ከመጣብኝ መንጠቆዬን ሰብስቤ ዳቦና ቡናማ አይቤን እገምጣለሁ፤ ምሳ ለመብላት የቆመች ሴት ነኛ! በአንድ ቀን አራት ጊዜ ምሳ የበላሁበት ጊዜ አለ። ቀሚሴ ጠቦኛል።

ስለ መስመሮቹ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼ፣ እባክህ ምንም አታድርግ። ይለፉበት። ኳኳታው ዓሣውን ያባርረው ይሆናል፤ ያባርረው። ዓሣ ቢሄድ ይመለሳል፤ ሰው ከመጣ ግን አይሄድም።

ሌላው ስጋትህ ልክ አይደለም። መርከቧ ላይ ስለተሳፈርክ አልተቀየምኩህም። ባንተ ጉልበት ሌላ ምን ሥራ ይገኛል? ስለ ምግቡ ብቻ ያወራሁት ብቻዬን ወደ ባሕር መውጣት ስላልለመድኩ ነው። ይኸው ነገርኩህ፣ አሁን አትጠይቀኝ።

ዳግኒ


ከመርከቡ
ጁን 16

ዳግኒዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ይቅርታ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደስታው ይቅርታውን አስረሳኝ።

የመርከቡ ጥናት አለቃ ቪግሌይክ ይባላል፤ የደረቀ የፕሪም ፍሬ እያላመጠ የሚያስብ የበርገን ሰው ነው። ካርታውን ዘርግቼ «እዚህ ላይ አትተኩሱ፣ በዚህ ወር እዚህ ብዙ ዓሣ አለ» አልኩት። «የት ድረስ?» አለኝ። ጓዳውን ብቻ ባሳየው ይነቃብኛል ብዬ በእጄ ሰፋ አድርጌ ከበብኩለት። ሁለት ማይል በሁለት ማይል ይሆናል። ፕሪሙን ተፋና «አንተ ካልክ እሺ» አለ። ዳግኒ፣ ስንት ዘመን የአንድ ሰው ቃል እንዲህ በቀላሉ ሲከበር አላየሁም። ስለ ጓዳው አንድ ቃል አልወጣኝም። አባባ ቢኖር ትከሻዬን ይመታኝ ነበር።

ትናንት በሬዲዮ ድምፅሽ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አልገባኝም። ስቀሽ ነበር ወይስ አስነጥሰሽ? ለማንኛውም አሁን በሰላም አጥምጂ። እኔም በሰላም እተኛለሁ።

ሂልማር


ሆቭስቫግ
ጁን 24

ወንድም ጋሼ፣

ደህና ነኝ። አየሩ መልካም ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ቀይ ይቀባ አይቀባ በሚል ሰው ለሁለት ተከፍሏል። የጓሮዬ ሩባርብ ተክል ዘንድሮ እንደ ዛፍ ሆኗል፤ ማሰሮ ሙሉ ቀቅዬ አኑሬልሃለሁ።

አይ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ባሕር አልወጣሁም። ሞተሯ ናት። ትንሽ ነገር ነው፣ አታስብ።

ዳግኒ


ከመርከቡ
ጁን 26

እህቴ፣

ሞተሯ አይደለችም።

ትናንት ጠዋት መሪው ክፍል ገብቼ ራዳሩን አየሁ። ባዶ መሆን በሚገባው ባሕር ላይ ዘጠኝ ነጥብ ተሰብስቧል፤ እኔ በእጄ በከበብኩት ቦታ ውስጥ ዘጠኝ ጀልባ። የመሪው ተረኛ «ዛሬ ምን አለ እዚያ፣ ሠርግ ነው?» አለኝ። ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። የመስመሮቹ ካርታ በየሳምንቱ እየታተመ መረከቢያው ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ ረስቼ ነበር። ከሰሜን እስከ ደቡብ በተሰመረ ካርታ መሐል አንድ ነጭ ቦታ! ከዚያም የባሰ አለ። መስመሮቹ በተሰረዙበት ጠዋት ማስታወቂያውን በሬዲዮ ያነበብኩት እኔ ራሴ ነኝ። «መስመር ሠላሳ አንድና ሠላሳ ሁለት ከዚህ እስከዚህ ተሰርዘዋል» ብዬ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ድምፄን አሳምሬ አነበብኩት። እየኮራሁ ነበር። የአባቴን ጓዳ በገዛ አፌ ለአገር ሁሉ አስረከብኩት።

አንቺ ደግሞ ስለ ሩባርብ ጻፍሽልኝ። ይህን ያህል አዝነሽልኝ ነው? ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ጀልባ ሥራዬን ትቼ ልምጣ? መጥቼስ ምን ላደርግልሽ? እባክሽ እውነቱን ጻፊልኝ። ምን አሉሽ? አገኙት ወይ?

ሂልማር


ሆቭስቫግ
ጁላይ 4

ወንድም ጋሼ፣

አልዋሸሁህም፣ ደበቅኩህ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል እንኳ ደስ ብሎህ እንድትተኛ ብዬ ነው።

ካርታው የተለጠፈ ቀን መረከቢያው ውስጥ የመንጠቆ ክር እየመረጥኩ ነበር። አርንፊን ካርታው ፊት ቆመና ጣቱን ነጩ ቦታ ላይ አሳረፈ።

«እንዴ፣ ይቺን ምን ብለው ዘለሏት?» አለ። «እዚያ መርከብ ላይ ያለው የዓሣ አዋቂ ማነው?»

«ሂልማር ነዋ፣ የኤድቫርት ልጅ» አለው አንዱ።

«ኤድቫርት! ያ በር በር የሚያህል ዓሣ እያወረደ፣ ከየት አመጣኸው ሲሉት ‹እግዜር ሰጠኝ› የሚለው ኤድቫርት?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ዳግኒ፣ እግዜር የሚሰጠው እዚህ ጋ ነው እንዴ?» አለኝ አርንፊን።

«እግዜርን ጠይቀው፣ ለኔ የሚሰጠኝ ኮድ ነው» አልኩት። ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። የክሩን ዋጋ ሳልከፍል ይዤ ወጥቼ ልከፍል ከመንገድ ተመለስኩ።

በማግስቱ አራት ጀልባ ወጣ፤ አሁን ዘጠኝ ሆነዋል። ጓዳውን ገና አላገኙትም። አንተ የከበብከው ሰፊ ነው፣ ጓዳው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር አይበልጥም። ግን ዶሮ እህል እንደሚፈልግ ጓሮውን ሁሉ እየጫሩት ነው። ሐሙስ ዕለት አርንፊን ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው ዞረ። እኔ በመነጽር ከኮረብታው ላይ አየሁት። እኔ ራሴ ልወጣ አልችልም፤ ወዴት እንደምሄድ እየጠበቁኝ ነው። አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው የቀረን። ካገኙት በኋላ ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም ያውቁታል፤ እኔም ጀልባዬን ሸጬ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ስሰነጥቅ እኖራለሁ።

ስለዚህ የምለምንህን በደንብ ስማኝ። ሥራህን ትተህ አትምጣ። አለቃህ ጋ ሂድና «ተሳስቼ ነበር፣ እዚያ ምንም ዓሣ የለም» በለው። ሁለቱን መስመሮች መልሰህ አስገባቸው። በሬዲዮም አንብባቸው፤ እንደ በፊቱ ድምፅህን አሳምረህ። ተኩስበት፣ ጋሼ።

አብጃለሁ እንዳትል። እዚህ አገር የአባቱን ቦታ በዚያ ኳኳታ የሚያስመታ ሰው ተወልዶ አያውቅም፤ አርንፊንም ይህን ያውቃል። አንተ ካስመታኸው፣ የኛ አይደለም ማለት ነው። ምናልባት ዓሣው ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ አላውቅም፣ መመለሱንም አላውቅም። ባለፈው በድፍረት የጻፍኩልህን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። ግን በሰው እጅ ሞልቶ ከማየው በእጃችን ባዶ ሆኖ ባየው ይሻለኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱን ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለ ነው። ሰዎቹ ይህን የሚያምኑት አንተን ሞኝ ካደረግኩህ ነው። መረከቢያው ውስጥ በሁሉም ፊት «አባቴ ለሂልማር ምንም አልነገረውም፤ ስለማያምነው ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ እሱ ከሰማይ ገምቶ ነው» እላለሁ። ወሬው በሬዲዮ ይደርስሃል። ሲደርስህ እንዳትመልስልኝ።

እህትህ ዳግኒ


ከመርከቡ
ጁላይ 16

ዳግኒ፣

አዎ፣ በልቻለሁ። አዎ፣ ተኝቻለሁ፤ በሬዲዮ የነገርኩሽ ይህን ያህሉ እውነት ነው።

ቪግሌይክ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ አሥራ አንድ ሰው ባለበት አስቆመኝ። «ተሳስቼ ነበር፣ እዚያ ዓሣ የለም» አልኩ። ፕሪሙን አላመጠ፣ አላመጠና፣ «እና ያን ጊዜ ያልከኝ?» አለ። «መስሎኝ ነው» አልኩት። አልተቆጣም። ካርታውን ጠቀለለና «ከእንግዲህ እኔም ራሴ ባየው ይሻላል» ብሎ ወጣ። አርባ ዓመት ባሕር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሰሜን የት ነው ብሎ እንኳ የሚጠይቀኝ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ተኩሱን ሲጀምሩ በትንሹ፣ ቀስ ብለው እንዲጀምሩ፣ አርባ ደቂቃ ያህል እያሳደጉት እንዲመጡ። «ዓሣ የለም አላልክም እንዴ?» አለኝ። «ለዓሣ ነባሪዎቹ ነው» አልኩት። እሺ አለ። ዓሦቹ ቢያንስ ሰምተው ለመውጣት ጊዜ ያገኛሉ ብዬ ነው።

ከዚያ ቦታውን እንዲለቁልን ዘጠኙን ጀልባ አንድ በአንድ በስማቸው ጠራኋቸው። አርንፊን ሬዲዮውን ያዘና አገር እየሰማ «አይ ሂልማር! አባትህ እንኳ ያላመነህን ሰውዬ እኛ አምነን ሁለት ሳምንት ነዳጅ አቃጠልን!» አለኝ። ከኋላው የሚሳቀውን ሳቅ ሰማሁ። «ምን ላድርግ አርንፊን፣ እኔም መስሎኝ ነው» አልኩት፤ ሳቅኩም። እንደተባባልነው እንደሆነ አውቃለሁ። አስቀድመሽ ነግረሽኛል፤ ደብዳቤሽም ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን እውነቱን ልጻፍልሽ፣ በጣም አመመኝ። ድንገት ራሴን ‹ምናልባት ግን አባባ በእርግጥ አላመነኝ ይሆን?› ስል አገኘሁት። ውሸት በብዙ ሰው አፍ ሲነገር እውነት እንደሚመስል የሰማው ሰው ያውቀዋል።

በጓዳው ላይ ስናልፍ መስኮት ላይ መቆም አልቻልኩም። ወጥ ቤት ወረድኩና ከወጥ ሠሪው ጋር ድንች ላጥኩ። ባሕሩ እንደ ወተት ረግቶ ነበር፤ ጉሙም እስከ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ነበር። ኳ ይላል፤ አንድ ድንች። ኳ ይላል፤ ሌላ ድንች። ወጥ ሠሪው «ለሃምሳ ሰው ላጥክ እኮ፣ በቃህ» ብሎ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደው። መቼ እንዳለፍነው አላወቅኩም። ሽቅብ ስወጣ ጓዳው ከኋላችን ቀርቷል፤ ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ምንም አይታይበትም።

ሰዎቹ ሄዱ ወይ? ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።

ሂልማር


ሆቭስቫግ
ሴፕቴምበር 25

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ያህል ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ወቀሳህን እቀበላለሁ። የምጽፍልህ ነገር እስኪኖረኝ እየጠበቅኩ ነው።

ሄደዋል። በሳምንቱ አንድም አልቀረም። አርንፊን በአሮጌው ካርታ ነጭ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ «የሂልማር ጓዳ» ብሎ ጻፈበት፤ መረከቢያው የገባ ሁሉ እያየ ይስቃል። መጀመሪያ ልቀደው ነበር። ከዚያ እንዲህ የሚሳቅበትን ቦታ ማንም ከምር እንደማይፈልገው ገባኝና ተውኩት። ይቅር በለኝ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ «አባባ አላመነኝ ይሆን?» ላልከው አሁን ልመልስልህ። እማማ ከመሞቷ በፊት የነገረችኝ ነው። አባባ ጓዳውን ሊያሳይ የነበረው ለአንተ ብቻ ነበር። «ለሴት ልጅ ምን ይሠራላታል» ብሎ። አንተ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆነህ ጀልባው ላይ አልወጣም ብለህ ቆምክ። «እሷ ካልመጣች እኔም አላይም» አልከው። እሱም ብዙ ተሳደበና ከአልጋዬ አስነሥተው አመጡኝ። ረስተኸው ይሆናል፤ እማማ ግን «አባትሽ ሂልማርን ያመነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው» ብላኛለች። ያን ውሸት መረከቢያው ውስጥ ስናገር ይህን እያሰብኩ ነበር፤ ድምፄ ስለተንቀጠቀጠ የተናደድኩብህ መስሏቸው ይበልጥ አመኑኝ።

ጓዳው ባዶ ነበር። ከጁላይ ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ ወጣሁ። መንጠቆዬን አወርዳለሁ፣ ከነማባበያ ምግቡ እንዳለ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ጉሙ ውስጥ ሞተሯን አጥፍቼ ዝም ብዬ እንሳፈፋለሁ፤ ታች ይኖር የነበረ ሰው ቤቱን ለቆ የሄደ ይመስለኛል። ምልክቶቹን ተሳስቼ ይሆን ብዬ ደጋግሜ ተራራውን አያለሁ። አልተሳሳትኩም። ለቪግሌይክ የተናገርከው ውሸት በኔ እጅ እውነት ሆነ ብዬ አለቀስኩ፤ የሚሰማኝ ስላልነበረ ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ሐሙስ ዕለት ክሩ ተሳበ። ኮድ መስሎኝ ነበር። ሲወጣ ጠፍጣፋ ነው፤ ትንሽ፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ የሚሆን፣ የዘንድሮን ጉድ የማያውቅ ልጅ ዓሣ። መንጠቆውን ፈታሁለትና በሁለት እጄ ውሃው ውስጥ ያዝኩት። ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አጋድሎ ወደ ታች ወረደ፤ ነጩ ሆዱ እስከማይታይ ድረስ አየሁት።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ በሬዲዮ ጥራኝና ያቺ ቦታ እንዴት ናት ብለህ ጠይቀኝ። «ባዶ ናት፣ ምን ነበራት ደግሞ» እልሃለሁ። አንተም እንደ ልማድህ ሳቅ። ከአንዴነስ እስከ ቦዶ ሁሉም ይስማህ፤ ለምን እንደሳቅክ እኔ አውቃለሁ።

እህትህ ዳግኒ